የጎደለችው አንዲት ማረፊያ

ሰው በዕድሜው ስንት ጊዜ ወድቆ ስንት ጊዜ እንደተነሣ ቆጥሮ አይዘልቀውም። ተዋጊ አብራሪ ግን ይቆጥራል፤ ወዶ ሳይሆን ግዴታው ስለሆነ ይቆጥራል። ከእያንዳንዱ በረራ በኋላ የተነሣበትንና ያረፈበትን ሰዓት በመዝገቡ ላይ ጽፎ ይፈርማል። እናም ጡረታ ሊወጣ አራት ቀን የቀረውን ጄኔራል፣ በሠላሳ ስድስት ዓመት አገልግሎትህ ስንት ጊዜ ከመሬት ተነሣህ ብሎ የሚጠይቀው ቢመጣ፣ ወረቀት ሳያገላብጥ መልስ ነበረው፦ አራት ሺህ አንድ መቶ ስድስት ጊዜ። ስንት ጊዜ አረፍክ ቢሉት ደግሞ፦ አራት ሺህ አንድ መቶ አምስት።

ይህችን አንዲት ልዩነት የሚያስታውስ ሰው በአየር ኃይሉ ውስጥ የቀረ አይመስለውም ነበር።

ሰኞ ጠዋት የሕዝብ ግንኙነቷ መቶ አለቃ ሦስት ገጽ ወረቀት ይዛ ቢሮው ገባች። ቀጭን፣ ፈጣን፣ ስትናገር ትንፋሽ የማትወስድ ልጅ ናት። ዓርብ በሽኝቱ ሥነ ሥርዓት ላይ የምታነበው የሕይወት ታሪኩ ነበር። ጄኔራሉ መነጽሩን አድርጎ ወደ መስኮቱ ተጠጋ። ከመስኮቱ ባሻገር ማኮብኮቢያው በፀሐይ ያብለጨልጫል፤ ሁለት መካኒኮች አንድ መሰላል ለሁለት ተሸክመው እየተጨቃጨቁ ያልፋሉ።

ጽሑፉ ጥሩ ነበር። የአናጢ ልጅ መሆኑ፣ በአሥራ ዘጠኝ ዓመቱ መቀጠሩ፣ ከሠላሳ ሁለት እጩዎች ለተዋጊ ከተመረጡት አምስቱ አንዱ መሆኑ፣ ኋላም የበረራ ትምህርት ቤቱን አሥራ አንድ ዓመት መምራቱ፣ ከዚያ የምድብ አዛዥ፣ ከዚያ የአየር ኃይሉ ምክትል አዛዥ መሆኑ፤ ሁሉም በየቦታው ሰፍሯል። ከጀርባው የሚጠራበት ቅጽል ስም ብቻ ቀርቷል። «ቀስበል» ይሉታል። ከድምፅ የፈጠነ ሰው ከአፉ የማይጠፋው ቃል «ቀስ በል» ነው እያሉ ይስቁበታል።

«ይቺ ቁጥር…» አለ ጣቱን ወረቀቱ ላይ አሳርፎ።

«የትኛዋ ጄኔራል?»

«ማረፊያዋ። አራት ሺህ አንድ መቶ ስድስት ብለሻል።»

«አዎ! መዝገብዎ ላይ አንዲት ጎድላ አገኘኋት። ያኔ ሁሉ ነገር በእጅ ነበር የሚጻፈው፤ ጸሐፊው ዘሏት ይሆናል ብዬ እኩል አደረግኳት። መቼም የተነሣ ሁሉ…» ብላ ጀመረችና አፏን በእጇ ያዘች። «ኧረ በስመአብ! ሁለተኛው ገጽ ላይ በፓራሹት መውረድዎን እኔው ራሴ ጽፌዋለሁ እኮ! አውሮፕላኑ ከወደቀ እንዴት አድርጎ ያርፋል! ምን ዓይነት ደደብ ነኝ?»

ጄኔራሉ ሳቀ። እሷም እፎይ ብላ ሳቀች።

«አሁኑኑ አስተካክላለሁ። ወይ ደግሞ እንዳለ ልተወው? ማንም ተቀምጦ አይቆጥርም። ለጆሮም እኩል ሲሆን ነው የሚያምረው።»

 የጄኔራሉ ዓይን ሁለተኛው ገጽ ላይ ሄዶ ተተክሎ ነበር፦ «በቴክኒሻን ጉድለት ምክንያት ሞተሩ አየር ላይ ሲጠፋበት፣ ሕይወቱን ለአደጋ አጋልጦ አውሮፕላኑን ከከተማው በላይ በማሳለፉ የጀግንነት ኒሻን ተሸልሟል።»

«እዚህ ተዪልኝ» አላት ቀስ ብሎ። «እኔው አስተካክዬ እሰጥሻለሁ።»

ልጅቱ ወጥታ በሩ ሲዘጋ ወንበሩ ላይ ቁጭ አለ። ነገሩ ሁሉ ቀላል ነበር። ዝም ማለት ብቻ ነው። ዓርብ ይነበባል፣ ይጨበጨባል፣ ፋይሉ ይዘጋል፣ እሱም ቤቱ ይገባል። ዝም ማለት ደግሞ ለእሱ አዲስ አይደለም፤ ሠላሳ አንድ ዓመት ሠርቶበታል።

ነገሩ እንዲህ ነው። በዚያ ዘመን ተዋጊው አውሮፕላን በሆዱ ካለው ነዳጅ ሌላ በክንፎቹ ሥር ሁለት የሾሉ ታንኮች ተሸክሞ ይነሣ ነበር። በታንኮቹ ውስጥ ያለው ነዳጅ ግን በራሱ ወደ ሞተር አይሄድም። አብራሪው ከተነሣ በኋላ በግራ ጉልበቱ አጠገብ ያለችውን፣ ከክብሪት እንጨት እምብዛም የማትበልጥ ማብሪያ ወደ ላይ ከፍ ማድረግ አለበት። ያኔ ፓምፗ ነዳጁን ትስባለች። ማብሪያዋ ከተረሳች ግን የሆዱ ያልቃል፣ የክንፉ ሙሉ እንደሆነ ይቀራል፤ ውኃ ተሸክሞ በጥም እንደመሞት ያለ ነገር ነው።

ጄኔራሉ ያኔ የሃያ አራት ዓመት ሻምበል ነበር። ተነሣ፤ እንደ ደንቡ ዝርዝሩን ድምፁን ከፍ አድርጎ በቃሉ መጥራት ጀመረ። ማብሪያዋ ጋ ሲደርስ ከመቆጣጠሪያ ማማው ጠሩት፤ ሌላ አውሮፕላን ወደ ቀኙ ተጠግቷል፣ ተጠንቀቅ አሉት። አንገቱን ወደ ቀኝ አዞረ። አፉ «ተከፍቷል» አለ። እጁ ግን አልሄደችም።

ከግማሽ ሰዓት በኋላ ሞተሩ ጸጥ አለ። ከበታቹ ከተማ ነበር፤ የፋብሪካ ጣሪያ፣ ትምህርት ቤት፣ ገመድ ላይ የተሰጣ ልብስ። እዚያው መዝለል ይችል ነበር። አልዘለለም። አውሮፕላኑን እንደ ደከመ በሬ እየገፋ ወንዙን አሻግሮ፣ ሰው የሌለበት ሜዳ ላይ ሲደርስ ብቻ የመቀመጫውን ማስፈንጠሪያ እጀታ ሳበ። ይህ እውነት ነው፤ ማንም አይወስድበትም። ነገር ግን በፓራሹቱ ተንጠልጥሎ ሲወርድ፣ ከሩቅ ጭሱ ሲነሣ እያየ፣ ግራ እጁን ገልብጦ ተመለከታት። ማብሪያዋን እንዳልነካች ያን ጊዜ ታወሰው።

ወገቡ ተሰብሮ ሆስፒታል ተኛ። ሦስት መርማሪ መኮንኖች መጥተው አልጋው አጠገብ ተቀመጡ። አዘኑለት፣ ውኃ አጠጡት። አውሮፕላኑ ተቃጥሏል፤ የሚታይ የለም። ፓምፗ ግን ከአደጋው በፊት በነበረው ቀን ተፈትታ ተጠግና ነበር፤ የጠገናት ሃምሳ አለቃ ፈርሟል።

«ማብሪያዋን ከፍተሃል፤ አይደል?» አለው ታላቁ መኮንን፣ መልሱን ከጥያቄው ጋር አብሮ እያቀበለው።

«እንደ ልማዴ» አለ ሻምበሉ።

ውሸት አይደለም። እውነትም አይደለም። መኮንኖቹ ጽፈው ወጡ።

የሃምሳ አለቃው ጥፋት በሰልፍ ፊት ተነበበ። ከበረራ መስመር ተነሥቶ መጋዘን ገባ፤ በዓመቱ አየር ኃይሉን ለቆ ሄደ። ከሁሉ የከፋው ግን ይህ አልነበረም። ከሁሉ የከፋው፣ ያ ሰው ሰልፉ በዋለ ማግስት አራት ብርቱካን በወረቀት ጠቅልሎ ሆስፒታል መምጣቱ ነበር። አልጋው ግርጌ ቆሞ፣ ባርኔጣውን በሁለት እጁ እያሻሸ፣ «ሻምበል፣ ይቅር ይበሉኝ፤ ጆሮዬ አታለለኝ» አለ።

ሻምበሉም «ይቅር ብዬሃለሁ» አለው።

ሃምሳ አለቃውን በምድቡ ውስጥ «አለቃ ጆሮ» ነበር የሚሉት። የካቻቢቴውን ጫፍ ሞተሩ ላይ፣ እጀታውን ጆሮው ላይ አድርጎ ያዳምጣል፤ ሐኪም ደረት እንደሚያዳምጥ። ሌላው ሦስት ቀን ፈትቶ የሚያገኘውን ብልሽት እሱ ቆሞ ይሰማዋል። «ይቺ ታስላለች፣ ያቺ ታፏጫለች» ይል ነበር። ሲቀልዱበት፣ አለቃ ጆሮ ሚስቱ ሳትናገር ምን እንዳሰበች ይሰማል ይሉ ነበር።

ጄኔራሉ ወደ በረራ ሲመለስ አስተማሪ ሆነ። አንድ ሕግ አወጣ፦ «ጣት ያልነካውን አፍ አይጥራው።» ተማሪ እያንዳንዷን ማብሪያ በጣቱ ሳይዝ ስሟን ከጠራ ያን ቀን አይበርም። ሕጉ በትምህርት ቤቱ ግድግዳ ላይ በሰማያዊ ቀለም ተጻፈ። ከዚያ ወዲህ በእንዲህ ያለ ስህተት የወደቀ አውሮፕላን የለም። ሹመቱ ሁሉ የመጣው በዚህ ነው። ሕጉ ከየት እንደመጣ ግን ማንም ጠይቆት አያውቅም፤ እሱም ተናግሮ አያውቅም።

ማታ እራት ላይ ማንኪያውን ሾርባው ውስጥ እያዞረ ተቀመጠ። ባለቤቱ የሒሳብ አስተማሪ ናት። ተማሪ ሲያጭበረብር ከጀርባው አውቃ የምትይዝ ሴት፣ ባሏን ከፊት ለፊቱ ማወቅ አይቸግራትም።

«ምን ሆነሃል? ጡረታ እንጂ ሞት አይደለም እኮ።»

ነገራት። ከማብሪያዋ እስከ ብርቱካኑ ድረስ ምንም ሳያስቀር ነገራት። እሷም ማንኪያዋን አስቀምጣ እስከ መጨረሻው አዳመጠችው።

«ሃያ ስምንት ዓመት አጠገቤ ስትተኛ ይህን ለትራስህ ነበር የምትነግረው?»

«ለትራሴም አልነገርኩም።»

«ሰውየው በሕይወት አለ?»

«አለ። ከአውቶቡስ ተራው ጀርባ ማሽን ይጠግናል። የልብስ ስፌት፣ የውኃ ፓምፕ።»

«እንዴት አወቅህ?»

«ሁለት ጊዜ በመኪና አልፌዋለሁ።» ጎንበስ አለ። «ሁለቱንም ጊዜ ጋዜጣ ፊቴ ላይ ዘርግቼ ነበር።»

ባለቤቱ አላጽናናችውም፤ አልጮኸችበትምም። ተነሥታ ሳህኖቹን አነባበረች። ከዚያ ጥግ ላይ ወዳለችው የስፌት ማሽኗ ሄዳ ክዳኗን ዘጋች።

«ክር እየበጠሰች አስቸግራኛለች። ነገ ይዘሃት ሂድ። ያለ ሹፌር።»

ማክሰኞ ዕለት ጄኔራሉ ሸሚዝና ሹራብ ለብሶ፣ የስፌት ማሽን ጭኑ ላይ አድርጎ በአውቶቡስ ሄደ። ከተሳፈረ ሃያ ዓመት አልፎታል። «አባባ፣ ዕቃዎን ከእግሬ ላይ ያንሡልኝ» አለችው አንዲት ልጅ፤ አነሣላት።

ሱቋ በፀጉር አስተካካይና በጫማ መሸጫ መካከል የተሸጎጠች ጠባብ ነገር ናት። አለቃ ጆሮ ፀጉሩ ነጭ ጥጥ ሆኗል፤ መነጽሩ በክር ታስሮ አንገቱ ላይ ተንጠልጥሏል። አንዲት ወፍራም ደንበኛ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ቆማለች። እሱ የፓምፕ ሞተር አስነሥቶ፣ ካቻቢቴውን ደግኖ ያዳምጣል። አጠፋው። እንደገና አስነሣው፤ እንደገና አዳመጠ። አጠፋው። ለሦስተኛ ጊዜ ሊያስነሣ ሲል ሴትዮዋ አልቻለችም።

«አንተ አለቃ፣ ሙዚቃ አደረግከው እንዴ? ውዝዋዜ ልጀምርልህ?»

«ታገሺኝ እናቴ። አንድ ጊዜ ሰምቼ ያመንኩ ዕለት ሰው ሊሞትብኝ ነበር።»

ጄኔራሉ ማሽኗን እንደያዘ በሩ ላይ ደርቆ ቀረ። እስከዚያች ሰዓት ድረስ ከዚያ ሰው የወሰደበት ሥራውን ይመስለው ነበር። ለካ ጆሮውን ነው የወሰደበት።

ሴትዮዋ ፓምፗን በጋሪ አስጭና ስትሄድ አለቃ ጆሮ መነጽሩን አደረገ። ትንሽ አየው። ከዚያ ዘሎ ቀጥ አለ፤ ተረከዙ ሲጋጭ ድምፅ ሰጠ።

«ሻምበል! ጄኔራል ማለቴ! በቴሌቪዥን አይቼዎታለሁ። ኧረ ይቀመጡ፣ ይቺን ዕቃ እኔ ልያዝ። ወገብዎ እንዴት ነው? ያ ወገብ ተሻለዎት?»

ጄኔራሉ በርጩማው ላይ ተቀመጠ። ያዘጋጀው ንግግር ሁሉ የውኃ ሽታ ሆነ።

«ፓምፗ ደህና ነበረች» አለ።

«የቷ ፓምፕ?»

«የዚያን ቀኗ። ማብሪያዋን አልከፈትኳትም። እጄ አልሄደችም። አፌ ነው የከፈታት። ያኔውኑ አውቄዋለሁ፤ ፓራሹቱ ላይ ሆኜ አውቄዋለሁ።»

 ውጭ የአውቶቡስ ረዳት ተሳፋሪ ይጠራል። ከፀጉር አስተካካዩ ቤት ሳቅ ይሰማል።

«ማታውን አዳምጫታለሁ» አለ አለቃ ጆሮ በመጨረሻ፣ ለራሱ እንደሚያወራ። «እንደ ንብ ነበር የምትለው። ለመርማሪዎቹም ነግሬያቸዋለሁ፤ እንደ ንብ ነው የምትለው ብዬ። ሳቁ። አንደኛው፣ ማርም ሰጥታሃለች? አለኝ።» ካቻቢቴውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። «ኋላ እኔም ራሴን ጠረጠርኩ። ምናልባት የሰማሁት መስሎኝ ነው አልኩ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ፤ የእኔ ንጋት ሠላሳ አንድ ዓመት አደረ።»

«ይቅርታ ልጠይቅህ ነው የመጣሁት።»

«ቆይ።» እጁን አነሣ። አንቱታው ያን ጊዜ ቀረ። «ብርቱካን ይዤልህ የመጣሁ ቀን ትዝ ይልሃል?»

«ትዝ ይለኛል።»

«ይቅር በለኝ አልኩህ።»

«አዎ።»

«አንተም ይቅር አልከኝ። አፍህን ሞልተህ።»

«አዎ።»

«እኔ ደስ ብሎኝ ሄድኩ። ለባለቤቴም፣ ጨዋ ሰው ነው፣ ይቅር አለኝ ብዬ ነገርኳት። ስትሞትም ይህንኑ እንዳመነች ነው የሞተችው።» ድምፁ አልተነሣም። «ያን ይቅርታህን መልሰህ ውሰደው። የእኔ አልነበረም።»

ጄኔራሉ ቀና ብሎ አየው። 

«ምን ላድርግ?» አለ።

«እኔ በአደባባይ ተዋርጄ አንተ በጓዳ ይቅርታ? እንዲያማ አይሆንም። ስሜ የተነበበው በሰልፍ ፊት ነው። አምስት መቶ ሰው ቆሞ ሰምቷል።»

«ዓርብ ሰልፍ አለ።»

«እንግዲህ አንተ ታውቃለህ።»

«ትመጣለህ?»

«ሥራ አለብኝ።» ማሽኗን ወደ ራሱ ሳባት፣ ክዳኗን ከፈተ፣ ጎማዋን በጣቱ አዞረ። «መርፌዋ ጎብጣለች፤ ሌላም ነገር አላት። ቅዳሜ ውሰዳት።»

ረቡዕ ጠዋት ጄኔራሉ ሁለት ወረቀት ይዞ የአየር ኃይሉ አዛዥ ቢሮ ገባ። አንዱ የድሮው ፋይል እንዲከፈት የፈረመበት ጥያቄ ነው። ሁለተኛው አስተካክሎ የጻፈው የሕይወት ታሪክ። አዛዡ የቀድሞ ተማሪው ነው፤ ለብቻ ሲሆኑ አሁንም «አስተማሪዬ» ይለዋል። አንብቦ ሲጨርስ ወንበሩን ወደ ኋላ ገፋ።

«አስተማሪዬ፣ ዓርብ እኮ ነው! እንግዶች አሉ፣ የዘንድሮ ምሩቃን አሉ። ከዓርብ በኋላ በደብዳቤ ቀስ ብለን ብናስተካክለውስ? ቀስ በል ማለትን ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት።»

«በዚህ ነገር በጣም ቀስ ብያለሁ። ከዓርብ በኋላ ደግሞ የእኔ ፊርማ ለቤት ኪራይ ውል እማኝነትም አይበቃም።»

«ኒሻኑስ?»

«ከተማውን ማሳለፌ እውነት ነው። ይገባዋል አይገባውም የሚለውን አዲስ መርማሪ ይበል። እኔ ዓርብ አላደርገውም።»

አዛዡ ወረቀቱን እንደገና አየው። ከዚያ ዓይኑ ወደ መስኮቱ፣ ማዶ ወዳለው የትምህርት ቤቱ ግድግዳ ሄደ።

«ያ ሕግ… ጣት ያልነካውን አፍ አይጥራው… ከዚያ ነው የመጣው?»

«ከየት ሊመጣ ኖሯል?»

«እኔን አንድ ጊዜ አትርፎኛል። ነግሬዎት አላውቅም። ወደ ማብሪያዋ እጄን ስሰድ ተዘግታ ነበር፤ በአፌ ግን ጠርቻት አልፌ ነበር።» ግንባሩን አሸ። «እኔ አልፈቀድኩም። አልከለከልኩምም። ንግግሩ የእርስዎ ነው።»

«ይበቃኛል» አለ ጄኔራሉ።

ዓርብ ሰማዩ ጥርት ያለ ነበር፤ አብራሪ የሚወደው ዓይነት። ምሩቃኑ ተሰለፉ፤ እንግዶቹ በድንኳኑ ጥላ ሥር ተቀመጡ፤ የማርሽ ባንዱ መሣሪያውን ወልውሎ ቆመ። ባለቤቱ ፊት ወንበር ላይ ናት። በጄኔራሉ ደረት ላይ ካሉት ኒሻኖች መካከል አንዱ ቦታ ባዶ ነበር፤ ጨርቁ እዚያች ጋ ከሌላው ይጠቁራል።

የመቶ አለቃዋ ማንበብ ጀመረች። የአናጢው ልጅ፣ የአሥራ ዘጠኝ ዓመቱ እጩ፣ አምስቱ የተመረጡ። «አራት ሺህ አንድ መቶ ስድስት ጊዜ ከመሬት ተነሥቷል» አለች፤ ጉሮሮዋን አጠራች። «አራት ሺህ አንድ መቶ አምስት ጊዜ አርፏል።» ወረቀቱን አጠፈችና ከድምፅ ማጉያው ፈቀቅ አለች።

ጄኔራሉ ወጣ። ከወረቀት አላነበበም።

«ስለጎደለችው አንዲት ማረፊያ እነግራችኋለሁ» አለ። ነገራቸውም። ማማው ሲጠራው አንገቱ ወደየት እንደዞረ፣ አፉ ምን እንዳለ፣ እጁ የት እንደነበረች። መርማሪዎቹ የጠየቁትን፣ እሱ የመለሰውን። የሃምሳ አለቃውን ሙሉ ስም ከነማዕረጉ ጠራ፣ ያኔ በዚሁ ሜዳ እንደተጠራው። «ያ ሰው የጠገናት ፓምፕ ደህና ነበረች» አለ። «ጥፋቱ የእኔ ነው። ይቅርታ እንዲጠይቀኝ ፈቀድኩ፤ ይቅር አልኩት። በሠላሳ ስድስት ዓመት ውስጥ ከሠራሁት ሁሉ የማፍረው በዚህ ነው፤ በማብሪያዋ እንኳ አይደለም። ማብሪያ ይረሳል። ሌላው ግን ተረስቶ አይደለም።»

ማንም አላጨበጨበም። ፊት ወንበር ላይ የተቀመጡ አንድ ጡረተኛ ኮሎኔል ፊታቸውን ወደ ሌላ ጎን አዞሩ። ከምሩቃኑ መካከል አንዱ ሳይታወቀው የግራ እጁን ጣቶች ጉልበቱ አጠገብ ሲያነቃንቅ ጄኔራሉ አየው። የባንዱ መሪ ልምታ ወይስ ልተው ብሎ አዛዡን አየ፤ አዛዡ ጫማውን አየ። በመጨረሻ አንዱ ጡሩምባ ነፊ ተሳስቶ ጀመረ፤ ሌሎቹም እየተንጠባጠቡ ተከተሉት።

ጄኔራሉ በሕዝቡ መካከል ነጭ ፀጉር ፈለገ። አላገኘም።

«እንዴት ነህ?» አለችው ባለቤቱ መኪና ውስጥ ሲገቡ።

«ወገቤን አመመኝ።»

«ቆመህ ስለነበር ነው» አለችና እጁን ያዘችው፤ ግራ እጁን።

ቅዳሜ ወደ አውቶቡስ ተራው ሄደ። አለቃ ጆሮ የስፌት ማሽኗን ጠረጴዛው ላይ አውጥቶ ዘይት ያጠጣታል። ቀና ብሎ አየው፤ አልተነሣም፣ ቀጥም አላለም። በርጩማውን ግን በእግሩ ገፋ አደረገለት።

«አልመጣህም» አለ ጄኔራሉ።

«መጥቼ ነበር። ከአጥሩ ውጭ።»

«ለምን አልገባህም? ስምህን በር ላይ አስይዤ ነበር።»

«ለመስማት መግባት አያስፈልግም።» ዘይቱን ጠረገ። «ከግራ በኩል ያለው ድምፅ ማጉያችሁ ሽቦው ላልቷል። 'ሃ' ስትል ይንጫጫል። ንገራቸው ያጥብቁት።»

«እነግራቸዋለሁ።»

«ስሜን በትክክል ጠራኸው። የአባቴንም።»

«አዎ።»

«ያኔ ያነበበው ሰውዬ የአባቴን ስም አበላሽቶት ነበር» አለ። ከዚያ ወደ ማሽኗ ጎንበስ አለ። ጄኔራሉ የሚጠብቀው አንድ ቃል ነበር፤ ያ ቃል እንደማይመጣ ቀስ በቀስ ገባው። ይምጣ የማለት መብት እንደሌለውም ገባው። እጁን ጭኑ ላይ አድርጎ ተቀመጠ።

በሩ ጨለም አለ፤ የዚያን ቀኗ ወፍራም ደንበኛ ሌላ ዕቃ በሻንጣ ይዛ መጥታ ነበር።

«አሁን ደግሞ ማንን ነው የምታዳምጠው? እስኪ ወረፋ ያዢ በለኝ፤ አውቅሃለሁ፣ ሦስት ጊዜ ነው!»

አለቃ ጆሮ ጎማዋን በቀኝ እጁ አዞረ። መርፌዋ ወጣች፣ ወረደች። የካቻቢቴውን ጫፍ ማሽኗ ላይ፣ እጀታውን ጆሮው ላይ አደረገ፤ ዓይኑን ጨፈነ። ቆየ። ጎማዋ ዞራ ዞራ በራሷ ቆመች። ጄኔራሉ ሁለተኛውን ጠበቀ።

ሽማግሌው ካቻቢቴውን አስቀመጠ፤ ክዳኗን ዘጋ፤ ማሽኗን በጨርቅ አስሮ ወደ ጄኔራሉ ገፋት።

«ምነው ዛሬ ቸኮልክ?» አለች ሴትዮዋ።

«አልቸኮልኩም» አለ አለቃ ጆሮ። «ሰምቻታለሁ። ደህና ናት። አምጪ ያንቺን።»